ከሰል በማዳበሪያ፣ ከሰል ለማዳበሪያ፦ ባዮቻር ለሐዋሳ ዙሪያ አፈር ምን ይፈይዳል?

የእኛ ሰፈር ከሰል ሻጭ ከሰላቸውን የሚሸጡት በማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ማለቴ ነው። ዩሪያ ይዞ ከጅቡቲ የመጣው ጆንያ ገበሬ ቤት ይራገፋል። ቀጥሎ በቆሎ ይገባበታል። ሲያረጅ ከሰል ይሞላበትና አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሐዋሳ ይደርሳል። ውስጡ ሁለት ጊዜ ቢቀየርም ስሙ አልተቀየረም። «አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስንት ገባ?» ብለን ስንጠይቅ ማንም አይስቅም።

አሁን አሁን ግን ከሰሉ ራሱ ማዳበሪያ ነው የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ስሙ ባዮቻር ይባላል። በስልጠና ላይ ይነሳል፣ በዩቲዩብ ይታያል፣ የፕሮጀክት ወረቀት ላይ ይጻፋል። አፈር ያክማል፣ ውሃ ይይዛል፣ ምርት ይጨምራል፣ የአየር ንብረትንም ያድናል ይባልለታል። አንድ ነገር ይህን ሁሉ ሲችል እኔ መጠርጠር እጀምራለሁ። ስለዚህ ሞከርኩት።

ከሰል ሻጯ ሴትዮ ጋ ሄጄ የጆንያው ሥር የሚቀረውን ድቃቂ አሳየኋቸው። «እትዬ፣ ይሄን ምን ያደርጉታል?» አልኳቸው። «ምን አደርገዋለሁ ልጄ፣ ይደፋል እንጂ» አሉ። አንድ ባልዲ ሙሉ በነፃ ወሰድኩ። ጓሮዬ ካሉት ሁለት የጎመን መደቦች አንዱ ላይ በትኜ ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩት። ሌላውን እንደነበረ ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት ከሰል ያገኘው ጎመን ቢጫ ሆነ። ያላገኘው አረንጓዴ ነው፣ እንደውም ተቀንጥሶ ተበልቷል። ባለቤቴ ቢጫውን አይታ ምንም አላለችም። አለማለቷ ራሱ በቂ ነበር።

ጎመኑ ለምን ቢጫ እንደሆነ ለመረዳት ነገሩን ከመሠረቱ ማየት ይሻላል።

እንጨት፣ ገለፈት፣ አገዳ ወይም ሌላ የእፅዋት ተረፈ ምርት እንደልቡ አየር እያገኘ ከነደደ የሚቀረው አመድ ነው። አየር ሲያጥረው ግን ጋዙ ወጥቶ ይነድድና ካርቦኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የምድጃ ከሰልና ባዮቻር ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ ምድጃ ይገባል፣ ሌላው አፈር ይገባል። ጥቁሩን ፍርፋሪ በማይክሮስኮፕ ብታዩት በቀዳዳ የተሞላ ነው። በደንብ የጋለ ባዮቻር ከሆነ የአንዷ ግራም የቀዳዳ ግድግዳ ቢዘረጋ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ይሆናል። ውሃም፣ ንጥረ ነገርም፣ ጥቃቅን ሕይወትም እዚያ ይጠለላሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ነው። ባዮቻር ጎተራ ነው፣ እህል አይደለም። ናይትሮጅኑ ሲቃጠል አብዛኛው በጭስ ወጥቷል። የቀረውም ለተክሉ በቀላሉ አይደርስም። ባዶ ጎተራ ማሳህ መሃል ብትተክል መጀመሪያ የሚያደርገው ያለህን እህል ወደ ራሱ መሰብሰብ ነው። አዲስ ከሰል አፈር ሲገባ በዙሪያው ያለውን ናይትሮጅን ይይዛል። ከሰሉ ላይ የቀረውን ቀላል ካርቦን የሚበሉት ረቂቅ ተሕዋስያንም ናይትሮጅን ይሻማሉ። ጎመኔ ቢጫ የሆነው ለዚህ ነው። ጎተራው መጀመሪያ መሞላት ነበረበት። በላም ሽንት፣ በእበት ዝቃጭ ወይም በኮምፖስት ሁለት ሦስት ሳምንት ማቆየት ያስፈልጋል። ይህን ደረጃ የዘለለ ስልጠና ገንዘቡን ቢመልስ ደስ ይለኛል።

ስለ ባዮቻር ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የአማዞን ታሪክ ነው። በብራዚል ደን ውስጥ የጥንት ሰዎች ከሰል፣ አጥንት፣ ሸክላ ስባሪና የቤት ጥራጊ ሲደፉበት የኖሩት መሬት አለ። ዛሬም ድረስ ከጎረቤቱ አፈር ይልቅ ጥቁርና ለም ነው። በፖርቱጋልኛ ቴራ ፕሬታ ይሉታል፣ ጥቁር አፈር ማለት ነው። (ከእኛ መረሬ ጋር አይምታታ፤ ያ ተፈጥሮው ነው።) አንዳንዱ ከ2000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጥሩ ታሪክ ነው። ግን ለሐዋሳ ሰው አማዞን ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ? ሲዳማ ውስጥ አንድ የገጠር ግቢ ግቡና የእንሰቱን ጓሮ እዩ። ከቤቱ አጠገብ ያለው አፈር ጠቆር ያለ፣ ለስላሳ፣ በእጅ የሚፈረፈር ነው። ራቅ ብሎ ያለው ማሳ ቀይ ነው፣ ይጠነክራል። ያንን ጥቁር የሠራው ፕሮጀክት አይደለም። በየማለዳው ከቤት የሚወጣው አመድ፣ እበት፣ የምድጃ ፍርፋሪና ጥራጊ ነው። ተሸክመው የሚያወጡት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

በተቃራኒው ደግሞ በሸዋ ደጋ ሌላ ልማድ ነበር። አፈሩን ከእበት ጋር ከምሮ ማቃጠል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያምራል። ከዚያ መሬቱ ይደክምና ለብዙ ዓመታት ጦም ያድራል። እዚያ የሚነደው የአፈሩ የራሱ ብስባሽ ነው። ባዮቻር ከዚህ ይለያል፤ የሚነደው ከአፈር ውጪ ነው፣ የሚገባው ደግሞ ካርቦኑ ሳይጠፋ። «አፈር ማቃጠል ነው» ብለው ለሚያጣጥሉት ልዩነቱን ማሳየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ መጠየቅ ብዙ ርቀት አይወስድም። የት አፈር ላይ ነው የሚሠራው ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ሙከራዎችን አንድ ላይ የደመረ ጥናት ወጥቶ ነበር። ውጤቱ ግልጽ ነው። በሞቃታማው የምድር ቀጠና ባዮቻር ያገኘ ማሳ በአማካይ 25 በመቶ የምርት ጭማሪ አሳይቷል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ዓይነቱ ቀጠና ግን በአማካይ ምንም ጭማሪ የለም። ምክንያቱ ምትሃት አይደለም። የሞቃታማው ቀጠና አፈር ብዙ ጊዜ ኮምጣጣና የደከመ ነው። ባዮቻር ደግሞ አመድ ስላለበት ከኮምጣጣነት በተቃራኒ ያለ ነገር ነው። ኖራ የሚሠራውን ሥራ በከፊል ይሠራል። ጥሩ ምርት የሚሰጥ፣ ማዳበሪያ የጠገበ አፈር ላይ ግን የሚጨምረው ነገር ያጣል።

ኮምጣጣ አፈር የሀገራችን ትልቅ ችግር ነው። ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማነት እንደነካው ሲነገር ቆይቷል። የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥር ያቃጥላል። ገበሬው የበተነው ፎስፈረስም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተቆላልፎ ይቀራል። ገንዘቡ አፈር ውስጥ አለ፣ ተክሉ ግን አያገኘውም። ገብስ ይጨነግፋል፣ ባቄላ አይይዝም።

ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መማሪያ ናት። ከተማዋ ያለችው ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አፈሩ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ፒኤቹ ለመካከለኛው ይቀርባል፣ አልፎ አልፎም ወደ ኮምጣጣ ተቃራኒው፣ ወደ ጨዋማው ያደላል። ከዚያ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ውጡ። መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል። የሁላ ወረዳዋ ሀገረ ሰላም ስትደርሱ ከፍታው ከ2,700 ሜትር አልፏል። እዚያ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥብ ኖሮ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ጠርጎ ወስዶታል። የሁላ ገብስ ገበሬና የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቲማቲም አምራች በአንድ ቀን ተነስተው የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። አፈራቸው ግን አይገናኝም።

ስለዚህ አንድ ዓይነት ምክር ለሁለቱም መስጠት ስህተት ነው። ከቡና ገለፈት የተሠራ ባዮቻር ፒኤቹ ከ9 በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ለሁላ መሬት ይህ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ጨዋማነት ለጀማመረው የሸለቆ ማሳ ግን በቁስል ላይ ጨው ነው። የኔ ጓሮም ያለው ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ነው። ጎመኔን ሁለት ጊዜ ነው የበደልኩት፤ ባዶ ጎተራ ሰጠሁት፣ ያልጎደለውን መድኃኒት አጠጣሁት።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱ። ኖራ ከጊዜ በኋላ ይደክማል፣ ኮምፖስትም በዓመታት ይበሰብሳል። ባዮቻር ግን መቶዎች ዓመት ይቆያል። ይህ ጥቅሙ ነው፣ አደጋውም ነው። አፈር ውስጥ ያስገባኸውን ለቅመህ አታወጣውም። ስለዚህ ፒኤች ሳያስለኩ መበተን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቸልተኝነት ነው።

ማዳበሪያውን ለመተው ነው እንዴ ይህ ሁሉ? አይደለም። ገበሬው የኬሚካል ማዳበሪያ አማራጭ የሚፈልግበት ምክንያት ግን ይገባኛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማዳበሪያችን በሙሉ በዶላር ነው የሚገዛው። መንግሥት ቢደጉመውም ንዝረቱ ቀበሌ ድረስ ይሰማል። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ከዳንጎቴ ጋር የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈርሟል፤ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት ታስቧል። ደስ ይላል። ግን ዩሪያ ኮምጣጣ አፈርን አያክምም፤ ጭራሽ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲደረግ አሲዳማነትን ይጨምራል። ፋብሪካው ሲጀምር ኖራና ኦርጋኒክ ነገር አብሮት ካልመጣ የደጋው አፈር ይበልጥ ይኮመጥጣል። ባዮቻር ቦታ ካለው እዚህ ጋ ነው፤ ማዳበሪያው ሳይባክን ሥር ጋ እንዲደርስ በማገዝ።

እሺ፣ ከምን ይሠራል? «ከተረፈ ምርት» ይባላል፣ እንደ ቀላል። ገጠር ውስጥ ተረፈ ምርት የሚባል ነገር ግን ብዙም የለም። የበቆሎ አገዳ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። እበትም ኩበት ነው፣ የእንሰት ፍግ ነው። ገበሬውን «አገዳህን አቃጥልና አፈር ውስጥ ክተት» ብትለው «ላሜ ምን ትብላ?» ይልሃል፣ ልክም ነው። እንጨት ቆርጦ ባዮቻር መሥራትማ አይታሰብም። የስምጥ ሸለቆን ግራር እየጨረሰ ያለው ከሰል አልበቃ ብሎን ነው?

ሌላ ጌታ የሌለው ነገር መፈለግ አለበት። ሐዋሳና ዙሪያዋ ላይ ሦስት ይታዩኛል።

የመጀመሪያው ቡና ነው። ሲዳማ ሲባል ቡና ነው፤ ይርጋለም፣ አለታ ወንዶ፣ በንሳ። ቡናው ሲታጠብ የሚወጣው ቀይ ልጣጭ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ውሃ ብቻ ነው። በመኸር ወቅት በመፈልፈያ ጣቢያ ደጃፍ ያለፈ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። እሱ ለኮምፖስት ነው የሚሻለው። ለባዮቻር የሚሆነው ጀንፈሉ (ከነልጣጩ የደረቀው ቡና) ሲፈለፈል የሚወጣው ደረቅ ገለፈት ነው። ከአንድ ኩንታል ጀንፈል ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይቀራል። በአንድ ቦታ ተከምሮ ይገኛል፣ ደርቋል፣ ፖታሲየምም አለው። በዚህ ላይ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ሠርተዋል። ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የከብት አጥንትን አክስለው የፎስፈረስ ምንጭ ለማድረግም ሞክረዋል። (አጥንት ካልን የሐዋሳው ዓሣ ገበያ፣ የአሞራ ገደል፣ የዓሣ አጥንት ትዝ ይለኛል። እሱን ግን ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ቀድመውናል።)

ሁለተኛው ገረባ ነው። የጫት ገረባ። ማታ ማታ ጫት ተራ አካባቢ ያለፈ ሰው የሚረግጠው እሱን ነው። ቅጠሉ ተቅሞ እንጨቱ ይጣላል። ፍየሎች ጥቂቱን ይበሉታል፣ የቀረው ከፌስታል ጋር ተቆላልፎ ቦይ ይዘጋል። ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ብዙ ጭስ ይነድዳል። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ጥሬ ዕቃ ለአነስተኛ ሥራ የሚመቸው እሱ ነው። ችግሩ ፌስታሉ ነው። ፌስታል ተቀላቅሎ ከነደደ የሚወጣው ለሳንባም ለአፈርም መርዝ ነው። ሰው ተቀምጦ መልቀም አለበት፣ ለቀማ ደግሞ ክፍያ ይፈልጋል። ከተማዋ ገረባውን ከምንጩ ለይታ ብትሰበስብ ግን ግማሽ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ጫት ቸርቻሪው ደጅ አንድ ጆንያ ማስቀመጥ ያን ያህል አይከብድም።

ሦስተኛው የእንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራና ፍቅፋቂ ነው። ሰጋቱራው ዶሮ ቤት ይነጠፋል፣ ያም ጥሩ ነው። ፍቅፋቂው ግን ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ይነድዳል።

አራተኛ የሚጠቀስ አለ፣ እምቦጭ። «ሐይቁን እናድናለን፣ አፈሩንም እናክማለን» የሚል ዕቅድ ይማርካል። ግን እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አንድ መኪና እምቦጭ ደርቆ ሲያልቅ አንድ ጋሪ አይሞላም። አሰባስቦ የማድረቁ ልፋት ከባዮቻሩ ይበልጣል።

አሠራሩስ? ፋብሪካ አይጠይቅም። በጣም ቀላሉ መንገድ አፈር ላይ ሾጣጣ ጉድጓድ መቆፈር ነው። አፉ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ጥልቀቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ። ከሥር ትንሽ እሳት ይለኮሳል። ከዚያ ደረቁ ገረባ በስሱ በስሱ ይደረብበታል። ምስጢሩ ከላይ ያለው ነበልባል ነው። ነበልባሉ እንደ ክዳን ሆኖ አየሩን ይበላዋል፣ ከሥሩ ያለው አየር አጥቶ ይከስላል። የላይኛው ድርብ ጫፉ ነጭ አመድ ማውጣት ሲጀምር ቀጣዩ ይደረባል። መቸኮል ጭስ ያመጣል፣ መዘግየት አመድ ያደርገዋል። እሳት የለመደ ሰው በአንድ ከሰዓት ይማረዋል። ጠላ ጠማቂ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሸክላ ሠሪ እናቶች ከየትኛውም አሰልጣኝ የተሻለ ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ። መጨረሻ ላይ በውሃ ወይም በእበት ዝቃጭ ይጠፋል። በዝቃጭ ማጥፋት ይሻላል፣ ጎተራው እዚያው መሞላት ይጀምራል።

ገለፈት ግን በዚህ ጉድጓድ አይሆንም። ደቃቅ ስለሆነ ይታፈናል፣ ቀኑን ሙሉ ይጨሳል። ለእሱ በእስያ የሩዝ ገለፈት የሚያከስሉበትን ዘዴ መዋስ ይቻላል። ጎኑ የተበሳሳ ቆርቆሮ መሃል ይቆማል፣ ውስጡ እሳት ይነድዳል፣ ላዩ ጭስ ማውጫ ይገጠምለታል፣ ገለፈቱ ዙሪያውን ይከመራል። ሙቀቱ ከመሃል ወደ ውጭ እየሄደ ያከስለዋል። ብየዳ ቤት ሄዶ የዘይት በርሜል ማስበሳት ነው።

ጥሩ መሆኑን እንዴት ታውቃለህ? በጣትህ ፍጨው። በቀላሉ ተሰባብሮ ዱቄት ከሆነ፣ እጅህም በውሃ ብቻ ከጠራ በደንብ ከስሏል። እንደ ቅባት ከተጣበቀና ሳሙና ከፈለገ ገና ነው፤ ሬንጁ አልወጣለትም። ስትፈጭም አርጥበው። ደረቅ ብናኙ ሳንባ ይገባል።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን እንሥራ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ስልጠና ዝም የሚለው።

በሙከራ ማሳዎች ላይ በሔክታር 10 ቶንና ከዚያ በላይ መበተን የተለመደ ነው። የሲዳማ ገበሬ ይዞታ ትንሽ ነው። ሩብ ሔክታር እንውሰድ። ሁለት ቶን ተኩል ባዮቻር ያስፈልገዋል። ከደረቅ ጥሬ ዕቃ የሚተርፈው ሩብ ያህሉ ነው። ስለዚህ 10 ቶን፣ ማለትም 100 ኩንታል ደረቅ ነገር መሰብሰብ፣ ማድረቅ፣ ማክሰል፣ ማጥፋት፣ መፍጨት፣ ከእበት ጋር ማቆየት፣ መሸከም፣ መበተን። ማን ነው የሚያደርገው? በሬ የለም፣ ጉልበት ደግሞ ሐዋሳ ለቀን ሥራ ሄዷል። ይህን አስበህ ባዮቻርን «ርካሽ» ካልከው የሰው ላብ ዋጋ የለውም ማለትህ ነው።

ግን ሌላ መንገድ አለ። በኔፓል የተደረገ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በሔክታር 750 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው የተጠቀሙት። ባዮቻሩን በላም ሽንት አርሰው ዱባው ሥር ብቻ አስቀመጡት። ሽንት ብቻ ካገኘው ዱባ አራት እጥፍ ገደማ ምርት አገኙ። አንድ ሙከራ ነው፣ ዱባም ገብስ አይደለም፤ ያንን ቁጥር እዚህ እጠብቃለሁ ማለቴ አይደለም። ትምህርቱ ግን ለኛ የተሰፋ ነው። ማሳ ላይ አትበትነው፣ ሥር ጋ አድርገው።

ሲዳማ ውስጥ ደግሞ በጉድጓድ የሚተከል ነገር ሞልቷል። ቡና፣ እንሰት፣ አቮካዶ። መቶ የቡና ችግኝ ለመትከል ለያንዳንዱ ጉድጓድ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ባዮቻር ከኮምፖስት ጋር ቢቀላቀል ከ100 እስከ 200 ኪሎ ይበቃል። ይህ ከአራት እስከ ስምንት ኩንታል ደረቅ ገረባ ነው። አንድ ቤተሰብ በበጋ ቅዳሜዎቹ ይጨርሰዋል። ጉድጓዱ ለችግኙ መቆፈሩ አይቀርም፣ ተጨማሪ ሥራው ማክሰሉ ብቻ ነው። በየዓመቱም መድገም አያስፈልግም። ሀሳቤን ባጭሩ ብናገር፣ ባዮቻርን በሔክታር ማሰብ ትተን በጉድጓድ ማሰብ ብንጀምር ይሻለናል። ችግኝ ጣቢያዎችም ጥሩ መነሻ ናቸው። በየክረምቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ እንተክላለን፤ የፕላስቲክ ቱቦው ውስጥ የሚገባው አፈር ላይ ጎተራው የሞላ ባዮቻር አንድ እፍኝ ቢጨመር ማንንም አይጎዳም።

የሁላው ገብስ ግን በጉድጓድ አይዘራም። ለእሱ ዋናው መድኃኒት አሁንም ኖራ ነው። ባዮቻር የኖራን እጥረት ይሸፍናል የሚል ሰው ካጋጠመህ ስንት ኩንታል ገለፈት በምን መኪና ሀገረ ሰላም እንደሚያወጣ ጠይቀው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ የካርቦን ገንዘብ። እፅዋት ከአየር የወሰዱት ካርቦን ከሰል ሆኖ አፈር ውስጥ ሲቀመጥ መቶዎች ዓመት አይመለስም። ስለዚህ ትልልቅ ኩባንያዎች ለዚህ ይከፍላሉ። ጎግል እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ከአንድ የህንድ ድርጅት ጋር 100,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በባዮቻር ለማስወገድ ውል ገብቷል። አንድ ቶን ጥሩ ባዮቻር ከሁለት እስከ ሦስት ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል እንደሚያስቀር ይሰላል። ይህ ወረቀት ላይ ሲባዛ ያጓጓል። ነገር ግን የሚሸጠው ከሰሉ ሳይሆን ማረጋገጫው ነው። ማን አከሰለ፣ ከምን፣ ስንት ኪሎ፣ በየትኛው ማሳ ገባ፣ ጭሱ ምን ያህል ነበር፣ ሁሉም በስልክ ፎቶ ተነስቶ መመዝገብ አለበት። መዝጋቢው ድርሻውን ይወስዳል፣ አረጋጋጩም፣ ደላላውም። አንድ ገበሬ ብቻውን አይገባበትም። የቡና ዩኒየኖችና ማኅበራት ግን ገለፈቱም፣ መዝገቡም፣ አባሉም እጃቸው ላይ ነው። ከቡናው ዋጋ ገበሬው ምን ያህሉን እንደሚያገኝ ለሚያውቅ ሰው ግን ውሉን ከመፈረም በፊት የገበሬው ድርሻ ስንት መቶኛ እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እኔ ጓሮ እንመለስ። ሁለተኛውን ዙር በትንሹ ጀመርኩ። የከሰሉን ድቃቂ አንድ አሮጌ ባልዲ ውስጥ ከእበትና ከውሃ ጋር አቡክቼ ሦስት ሳምንት ጥላ ሥር አቆየሁት። መደቡ ላይ አልበተንኩትም። ለአንድ አቮካዶ ችግኝ ጉድጓድ ብቻ ተጠቀምኩት። ችግኙ ቆሟል፣ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ከአንድ ችግኝ መደምደሚያ አይወጣም። ቢጫ ግን አልሆነም። ባለቤቴ ጎመኑን ወደማይነካ ቦታ መሄዴን ብቻ ነው የወደደችው።

ባለፈው ሳምንት ለሁለተኛው ችግኝ ድቃቂ ልወስድ ሄድኩ። ሴትየዋ እንደ ድሮው አልደፉትም። ጥግ ላይ ለብቻው ከምረውታል። «ልጄ፣ አንተ ከወሰድክ ወዲህ ሌሎችም ለአበባ መትከያ እያሉ ይጠይቁኛል» አሉ። «ታዲያ በነፃ ነው እትዬ?» አልኩ። ሳቅ ብለው አዩኝ።

«የምን በነፃ። ማዳበሪያህን ይዘህ ና፣ እሞላልሃለሁ። ዋጋውን ያኔ እንነጋገራለን።»